የሚኒሞ ቫልቭ ኮድ ሲወጣ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን የመፈተሻ መመሪያ

መኪናው በቆመ ቁጥር ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ፀጥ ይላል። ወይም በተቃራኒው፣ እግራችሁ ፔዳሉን ሳይነካ ዙሩ 1500 ላይ ተሰቅሎ አልወርድ ይላል። ቼክ ኢንጂን በርቷል። ስካነር (የሞተሩን ኮምፒውተር ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ሲሰካ ፒ0505 ወይም ፒ0511 ይነበባል። ሁለቱም ስለ ሚኒሞ ነው የሚናገሩት፤ እግር ከፔዳል ሲነሳ ሞተሩ ስለሚይዘው ዝቅተኛ ዙር። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። የሚኒሞ ቫልቭ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ኮዱ ይጠፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል።

ኮዱ አንድን ዕቃ ለይቶ አይከስም። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገረው ሚኒሞ በሚቆጣጠርበት መስመር ላይ ያልጠበቀው ነገር እንዳየ ብቻ ነው። በመስመሩ ውስጥ ደግሞ ቫልቩ ብቻ ሳይሆን ሶኬቱ፣ ሽቦዎቹ፣ ፊውዙ፣ ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) እና ኮምፒውተሩ ራሱም አሉ። ቫልቩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንድ የዛገ ፒን ይህን ሁሉ ትርምስ ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሄዳለን። ዕቃ መቀየር መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ መኪናችሁ ይህ ቫልቭ አለው?

ትሮትል ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የሚያልፍበት በር ነው። እግር ከፔዳል ሲነሳ የትሮትሉ ክዳን ይዘጋል። ሞተሩ ግን እንዳይጠፋ ጥቂት አየር ያስፈልገዋል። ይህ አየር ክዳኑን በሚያልፍ ጠባብ የጎን መተላለፊያ ይገባል። የሚኒሞ ቫልቭ የዚህ መተላለፊያ በር ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ሁኔታው ያሰፋዋል፣ ያጠበዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያሰፋል። ኤሲ ሲበራ፣ መሪ ሲዞር፣ የፊት መብራት ሲለኮስ ሞተሩ ላይ ጫና ስለሚጨምር አሁንም ያሰፋል። በደንብ የሞቀ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሚኒሞው ብዙውን ጊዜ ከ650 እስከ 850 ዙር በደቂቃ ነው። ትክክለኛው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ወይም በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱና ትሮትሉን ተመልከቱ። ከፔዳል የመጣ የብረት ገመድ ተያይዞበታል? ከሆነ ቫልቩ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ትሮትሉ ላይ ወይም አጠገቡ ይቀመጣል። ገመድ ከሌለና ክዳኑን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ሞተር ከሆነ፣ ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ያው የትሮትሉ ሞተር ነው። እንዲህ ባለ መኪና ለብቻው የተቀመጠ የሚኒሞ ቫልቭ ፍለጋ ጊዜ ማባከን ነው። ከታች ያለው የአየር ፍተሻ ይጠቅማችኋል፤ የቫልቩ ልኬት ግን እናንተን አይመለከትም። አንድ ማሳሰቢያ፦ እንዲህ ያለውን ክዳን ቁልፉ በርቶ ሳለ በጣት አትግፉት። ክዳኑ ጣት ይቆነጥጣል፣ መግፋቱም የውስጡን የማርሽ ጥርሶች ሊሰብር ይችላል።

ኮዶቹን ማንበብ

ፒ0505 አጠቃላይ ነው፤ የሚኒሞ ቁጥጥሩ ተበላሽቷል ይላል። ፒ0506 ዙሩ ከሚፈለገው በታች ሆኗል ማለት ነው። ፒ0507 ደግሞ በላይ። ፒ0508 በቫልቩ መስመር ላይ ያለው ቮልቴጅ ዝቅ ብሏል፣ ፒ0509 ከፍ ብሏል ይላሉ። ፒ0511 የመስመር ብልሽት ነው።

እኔ በሁለት ከፍዬ ነው የማያቸው። 0506 እና 0507 ውጤቱን ነው የሚናገሩት፤ ከነዚህ ኋላ ብዙ ጊዜ ያለው ቆሻሻ ወይም ከጎን የሚገባ አየር ነው። 0508፣ 0509 እና 0511 ግን ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪኩ ላይ ያየው ችግር ነው። እነዚህ ከወጡ ቫልቩን ለማጠብ አትሩጡ፣ መለኪያችሁን አንሱ። 0505 እንደ አምራቹ ትርጉሙ ስለሚለያይ ሁለቱንም መንገድ ያስኬዳል።

ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ስካነሩ ያስቀመጠውን የቅጽበት መረጃ መዝግቡ፤ ፍሪዝ ፍሬም የሚባለውን። ኮዱ ሲወጣ ሞተሩ ሞቆ ነበር? ዙሩ ስንት ነበር? መኪናው ቆሞ ነበር ወይስ ይሄድ ነበር? አንዴ ካጠፋችሁት ይህ ሁሉ ይጠፋል። ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ ብታነሱት ይበቃል።

አብረው የወጡ ሌሎች ኮዶች ካሉ ቅድሚያ ለእነሱ ስጡ። የውሃ ሙቀት መለኪያው ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ከዋሸ፣ ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን ሆን ብሎ ከፍ ያደርጋል። የትሮትል አቀማመጥ መለኪያው ፔዳሉ ተረግጧል ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሚኒሞ መቆጣጠሩን ጭራሽ ይተወዋል። በሁለቱም ጊዜ ቫልቩ የለበትም።

ባትሪውንም አትርሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ይሆናል። ከዚህ በጣም የወረደ ከሆነ መጀመሪያ ዲናሞውንና ባትሪውን አስተካክሉ። በደከመ ባትሪ የተሠራ ልኬት አይታመንም።

የምትፈልጉት መሣሪያ

ዲጂታል መልቲሜትር፣ የቀጥታ መረጃ የሚያሳይ ስካነር፣ ኤልኢዲ ያለው መፈተሻ መብራት፣ ለመልቲሜትሩ የሚሆኑ ቀጫጭን መርፌዎች፣ የትሮትል ማጽጃ ስፕሬይ። ከሁሉም በላይ የመኪናችሁን የሽቦ ንድፍ። የትኛው ሽቦ መጋቢ፣ የትኛው ትዕዛዝ አምጪ እንደሆነ ካላወቃችሁ ልኬቱ ግምት ነው የሚሆነው። የሽቦ ቀለም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ከሌላ መኪና በተወሰደ ንድፍ አትሥሩ።

አምፖል ያለበትን የድሮውን መፈተሻ መብራት ከኮምፒውተሩ በሚመጡ የትዕዛዝ ሽቦዎች ላይ አታድርጉት። አምፖሉ የሚስበው ኤሌክትሪክ የኮምፒውተሩን ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ኤልኢዲው የሚስበው በጣም ጥቂት ነው።

ጥንቃቄውን በአጭሩ ልበል። ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ኒውትራል ወይም ፓርክ ላይ አድርጉ። ከቀበቶና ከፋን እጅጌና ፀጉር አርቁ፤ ኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል። ማጽጃው ተቀጣጣይ ነው፣ የጋለ ሞተር ላይ አይረጭም።

1ኛ፦ ችግሩ አሁን አለ ወይስ ይመጣል ይሄዳል?

መረጃውን ከመዘገባችሁ በኋላ ኮዱን አጥፉ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ አብሩና ጠብቁ። ኮዱ ወዲያው ከተመለሰ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ሾርት አለ፤ ይህ ለፈታሽ ደስ የሚል ዜና ነው፣ ቆሞ ይጠብቃችኋላ። ሞተሩ ተነስቶ ሲቆይ ብቻ ከመጣ ወይም ጉድጓድ ላይ ሲዘል ከመጣ፣ የላላ ግንኙነት ወይም የአየር ችግር ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሞተሩ እየሠራ ሶኬቱን ይነቅልና «ዙሩ አልተለወጠም፣ ስለዚህ ቫልቩ ሞቷል» ይላል። ይህ ፍርድ ለሁሉም ቫልቭ አይሠራም። በስፕሪንግ የሚዘጋ ባለ ሁለት ሽቦ ቫልቭ ሲነቀል ዙሩ ይወርዳል ወይም ሞተሩ ይጠፋል። በደረጃ የሚንቀሳቀስ ስቴፐር ሞተር ያለው ቫልቭ ግን ሲነቀል ባለበት ቦታ ይቆማል። ዙሩ ባይለወጥ አያስገርምም። በዚህ ምክንያት ስንቱ ጤነኛ ቫልቭ እንደተጣለ ሳስብ ያበሽቀኛል። ደግሞም መንቀሉ ራሱ አዲስ ኮድ ሊያስወጣ ስለሚችል ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት።

2ኛ፦ አየሩን ከኤሌክትሪኩ መለየት

ሞተሩን በደንብ አሙቁ፣ ኤሲና መብራት አጥፉ፣ ስካነሩ ላይ የቀጥታ መረጃውን ክፈቱ። ሁለት ነገር ጎን ለጎን እዩ፦ ትክክለኛውን ዙርና ኮምፒውተሩ ለቫልቩ የሚሰጠውን ትዕዛዝ። ትዕዛዙ በአንዳንድ መኪና በመቶኛ፣ በአንዳንዱ በደረጃ ቁጥር ይጻፋል።

ዙሩ ዝቅ ብሎ ትዕዛዙ በጣም ከፍ ካለ፣ ኮምፒውተሩ በሩን ክፈት እያለ ነው፤ አየሩ ግን አልመጣም። መተላለፊያው በካርቦን ተዘግቷል፣ ቫልቩ ተጣብቋል፣ ወይም ትዕዛዙ በሽቦ መቆረጥ ምክንያት ቫልቩ ጋ አልደረሰም።

ዙሩ ከፍ ብሎ ትዕዛዙ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ኮምፒውተሩ ዝጋ ብሎ ጨርሷል። አየሩ ግን በሌላ በኩል እየገባ ነው። ቫልቩ ክፍት እንዳለ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ጋር የተያያዘ ጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሐል ያለው ማሸጊያ) ለቋል። የፍሬን ሰርቮ ቱቦንና የክራንክ ኬዝ ጭስ መመለሻ ቫልቭን አትዝለሉ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፕላስ ቀስ ብላችሁ እየቆነጠጣችሁ ዙሩን ተከታተሉ። አንዱ ሲቆነጠጥ ዙሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ የሚያፈሰው ቱቦ እሱ ነው ወይም ከእሱ ወዲያ ያለው ክፍል ነው። ለቫልቩ በጎማ ቱቦ አየር የሚሄድለት መኪና ካላችሁ ያንንም ቆንጥጡ፤ ዙሩ ከወደቀ ትርፉ አየር የሚገባው በቫልቩ በኩል ነው።

ዙሩ ከፍ ብሎ ትዕዛዙም ከፍ ካለ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ከፍ ያለ ዙር ፈልጓል ማለት ነው። የውሃ ሙቀቱን፣ የኤሲ ጥያቄውን፣ የትሮትሉን አቀማመጥ በስካነሩ አረጋግጡ።

ትዕዛዙ እንደወትሮው ሆኖ ኤሲ ሲበራም ሲጠፋም ንቅንቅ ካላለ፣ ኮምፒውተሩ ሚኒሞ ላይ እንዳለ አላወቀም። ወደዚህ የሚያደርሰን የተለመደ ጥፋት አለ፦ ሞተሩ እንዳይጠፋ ተብሎ የትሮትሉ ማቆሚያ ብሎን ይጠመዘዛል። ለጊዜው ይሠራል። ነገር ግን ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ መለኪያው «ፔዳሉ ትንሽ ተረግጧል» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ሚኒሞውን ይለቀዋል። ብሎኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም ከተሰነጠቀ ወይም የመፍቻ ቁስል ካያችሁ፣ ሌላ ነገር ከመለካታችሁ በፊት በጥገና መጽሐፉ መሠረት ወደ ቦታው መልሱት። የፔዳሉ ገመድ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከሆነም ያው ነው፤ ትንሽ ላላ ማለት አለበት።

3ኛ፦ ሶኬቱን ማየት

ቁልፉን አጥፉና ሶኬቱን ንቀሉ። በጥሩ ብርሃን ውስጡን ተመልከቱ። አረንጓዴ ዝገት፣ ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ወደ ኋላ የተገፋ ፒን፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፤ የምትፈልጉት እነዚህን ነው። በእኔ ግምት የሰዓቱን ግማሽ እዚህ ማጥፋት ያዋጣል፤ ሞተር ላይ የተሰቀለ ሶኬት ከሙቀትና ከንቅናቄ አያርፍም።

በዓይን የማይታየው የላላ ሴት ፒን ነው። ከዚያው ዓይነት ሶኬት የተነቀለ ወንድ ፒን ካገኛችሁ አንድ በአንድ ክተቱት። ትንሽ ሊይዝ ይገባል። ምንም ሳይይዝ ከወጣ ያ ፒን ነው የሚያስቸግረው። የመልቲሜትር ወፍራም ጫፍ ግን ሴት ፒን ውስጥ በግድ አታስገቡ፤ ያልነበረ መላላት ትፈጥራላችሁ።

ዝገቱን በኤሌክትሪክ ግንኙነት ማጽጃ አጽዱ፣ አድርቁ፣ መልሱ። ኮዱን አጥፍታችሁ ሞክሩ። አንዳንድ መኪና እዚህ ላይ ያበቃለታል።

4ኛ፦ መጋቢው ኤሌክትሪክ ይደርሳል?

እዚህ ላይ የቫልቩን ዓይነት ማወቅ ግድ ነው። ሽቦዎቹን ቁጠሩ።

ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ በአብዛኛው አንዱ ከሪሌ የሚመጣ ቋሚ 12 ቮልት ነው፣ ሌላው በኮምፒውተሩ በፍጥነት እየተበራ እየጠፋ ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ወደተያያዘው የመኪናው ብረት) ይያያዛል። ባለ ሦስት ሽቦ በሆነው ባለ ሁለት ጥቅል ዓይነት (ጥቅል በቫልቩ ውስጥ ተጠምጥሞ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ሽቦ ነው) አንዱ መጋቢ ነው፤ ሁለቱ የመክፈቻና የመዝጊያ ትዕዛዞች ናቸው። ባለ ስድስት ሽቦ ስቴፐር ሁለት መጋቢና አራት ትዕዛዝ አለው። ባለ አራት ሽቦ ስቴፐር ግን ቋሚ መጋቢ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የጥቅሎቹን ሁለቱንም ጫፍ እያቀያየረ ያንቀሳቅሳል። በእሱ ላይ 12 ቮልት ፈልጋችሁ ብታጡ አትደንግጡ፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ለሌሎቹ አለካኩ ይህ ነው። ሶኬቱ እንደተነቀለ ቁልፉን አብሩ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን መጋቢው ፒን ላይ አድርጉ። የባትሪውን ቮልት ማግኘት አለባችሁ። አንዳንድ መኪና ሪሌውን የሚያበራው ሞተር ሲነሳ ብቻ ስለሆነ ንድፉን እዩ። ቮልት ከሌለ ፊውዙን፣ ከዚያ ሪሌውን፣ ከዚያ መሐል ያለውን ሽቦ ተከተሉ። ፊውዝ በዓይን ብቻ አይፈረድም፤ ቁልፉ በርቶ ሁለቱም ጫፉ ላይ ቮልት መኖሩን ለኩ። የተቃጠለ ፊውዝ ካገኛችሁም ቀይራችሁ አትሂዱ። ያቃጠለው ነገር እዚያው መስመር ላይ ሊኖር ይችላል።

መልቲሜትር አንድ ቦታ ላይ ያታልላል። አንድ ክር ብቻ በቀረው ሽቦም ቢሆን 12 ቮልት ያሳያል፤ ምክንያቱም እሱ ራሱ የሚስበው ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ በመጋቢው ሽቦ ላይ ብቻ 5 ዋት የሚሆን ትንሽ የመኪና አምፖል ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙና እዩ። ደምቆ ከበራ መስመሩ ሥራ ይችላል። ከደበዘዘ ሽቦው፣ ሪሌው ወይም አንድ መገናኛ እየከለከለ ነው። ይህን አምፖል ወደ ትዕዛዝ ሽቦ እንዳታሻግሩት፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

5ኛ፦ የቫልቩን ጥቅል በኦም መለካት

ቁልፉ ይጥፋ፣ ሶኬቱ ይነቀል፣ መልቲሜትሩ ኦም ላይ ይሁን። አሁን የምትለኩት የቫልቩን ፒኖች ነው፣ የሽቦውን አይደለም።

ለምሳሌ የጄኔራል ሞተርስ ባለ አራት ፒን ስቴፐር ቫልቮች ላይ ፒን ኤ እና ቢ አንድ ጥቅል፣ ሲ እና ዲ ሌላ ጥቅል ናቸው። እያንዳንዱ ከ40 እስከ 80 ኦም ይጠበቃል። ከቢ ወደ ሲ ሲለካ ግን መስመሩ ክፍት መሆን አለበት፤ ቁጥር ካሳየ ጥቅሎቹ እርስ በርስ ተነካክተዋል። የፎርድ ባለ ሁለት ፒን ቫልቮች ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 13 ኦም ውስጥ ይሆናሉ። በእነዚህ ውስጥ ዳዮድ ስላለ ጫፎቹን ስታገላብጡ ቁጥሩ ቢለያይ ብልሽት አይደለም። ለሌላ መኪና የራሱን የጥገና መጽሐፍ ቁጥር ያዙ።

ከዚያ እያንዳንዱን ፒን ከቫልቩ ብረት ቤት ጋር ለኩ። ምንም ግንኙነት ሊኖር አይገባም።

ቁጥሩ ወሰን አልባ ከሆነ ጥቅሉ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውስጡ ሾርት ሆኗል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስባል፤ ሾርት የሆነ ጥቅል በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የማንቀሳቀሻ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። ኮምፒውተር ለመቀየር ያሰበ ሰው ይህን ልኬት ሳይሠራ አዲሱን ከሰካ፣ አዲሱም ያንኑ ዕጣ ሊያገኝ ይችላል።

ብልሽቱ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቀዝቃዛ ቫልቭ ለክታችሁ አትመኑ። ከረጅም ጉዞ በኋላ ወዲያው ለኩ፤ ወይም ቫልቩን አውጥታችሁ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቃችሁ ቁጥሩን ተከታተሉ። ሲሞቅ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ማለቱ ጤነኛ ነው። ድንገት መጥፋቱ ግን አይደለም።

6ኛ፦ በቫልቩና በኮምፒውተሩ መሐል ያሉት ሽቦዎች

ቫልቩ ካለፈ ተራው የሽቦዎቹ ነው። ቁልፉን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ከዚያ የኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀሉ። ኔጌቲቩን ሳትነቅሉ ኮምፒውተር መንካት ጥሩ አይደለም። በአንዳንድ መኪና ሬዲዮ ኮድ ይጠይቃልና ቀድማችሁ አዘጋጁት።

እያንዳንዱን የትዕዛዝ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። መለኪያው በሽቦው ላይ እንዳለ የሽቦዎቹን እሽግ በእጃችሁ አወዛውዙ፣ ጎንበስ ቀና አድርጉት። ቁጥሩ ከዘለለ የተቆረጠው ቦታ እጃችሁ ሥር ነው። ሽቦ የሚጎዳው እንዲሁ መሐል ሜዳ ላይ አይደለም፤ በብረት ድጋፍ ጥግ፣ በጭስ ማውጫ አቅራቢያ፣ በባትሪው ሥር፣ ሞተሩ ከቦዲው ጋር በሚቀራረብበት ቦታ ነው። ከዚህ በፊት ሞተር ወርዶ የተሠራ መኪና ከሆነ የተቆነጠጠ ሽቦም ፈልጉ።

ከዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ከማሳ ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን፣ እርስ በርስም መነካካት አለመነካካታቸውን ለኩ። ሁሉም ክፍት መሆን አለባቸው። በመጨረሻ ኔጌቲቩን መልሱ፣ ሁለቱም ሶኬቶች እንደተነቀሉ ቁልፉን አብሩና በትዕዛዝ ሽቦዎቹ ላይ ቮልት ለኩ። ዜሮ መሆን አለበት። ቮልት ካለ ከሌላ ባለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተላልጦ ተነካክቷል።

የሽቦ ፕላስቲክ በመርፌ አትውጉ። ቀዳዳው ውሃ ያስገባል፤ ሽቦው ቀስ በቀስ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ቀጭኑን መርፌ በሶኬቱ ኋላ በኩል፣ ከሽቦው ጎን አስገቡ። የተቆረጠ ካገኛችሁ በብየዳና በሙቀት በሚጠብቅ ሽፋን አያይዙ። ጠምዝዞ በፕላስተር ማሰር ለሞተር ክፍል አይሆንም።

7ኛ፦ ኮምፒውተሩ ያዛል?

ሁሉንም መልሳችሁ ሰኩ። ሞተሩን አስነሱ።

በባለ ሁለት ሽቦው ቫልቭ ላይ መልቲሜትሩን በኋላ በኩል ከትዕዛዝ ሽቦው ጋር አገናኙ። የምታዩት በዜሮና በባትሪው ቮልት መሐል ያለ አማካይ ቁጥር ነው። ኤሲ ስታበሩ ሊንቀሳቀስ ይገባል። ሙሉውን የባትሪ ቮልት ላይ ተሰክቶ ከቀረ ኮምፒውተሩ አያዝም። ዜሮ ላይ ከቀረ፣ ቀደም ሲል ሽቦው ንጹሕ መሆኑን ስላረጋገጣችሁ፣ የኮምፒውተሩ ማንቀሳቀሻ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። መልቲሜትራችሁ የትዕዛዙን መቶኛ የሚያሳይ ከሆነ ከስካነሩ ቁጥር ጋር አነጻጽሩት።

ስቴፐር ከሆነ ኤልኢዲ መፈተሻውን ተጠቀሙ። ኮምፒውተሩ ቫልቩን ሲያንቀሳቅስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙ ስካነሮች ቫልቩን ወደ ላይ ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ የማዘዝ ምርጫ አላቸው፤ እሱ ካለ ሥራው በጣም ይቀላል። ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው ደግሞ አራቱንም መስመሮች በተራ አይቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርዳል።

ትዕዛዝ ከሌለ ኮምፒውተሩን ለመኮነን አሁንም ቆዩ። ራሱ መጋቢ ቮልት አለው? ማሳው ጥሩ ነው? ሞተሩ እየሠራ ከኮምፒውተሩ የማሳ ፒን እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ያለውን ቮልት ለኩ፤ ከ0.1 ቮልት ብዙ ሊበልጥ አይገባም። የትሮትል መለኪያው ዝግ መሆኑን ይናገራል? እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ፣ ጥቅሉና ሽቦውም ካለፉ፣ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ለሚጠግን ባለሙያ መስጠት ተገቢ ነው።

8ኛ፦ ማጽዳት፣ መቀየር፣ ማስተማር

ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ሆኖ ቫልቩ ከቆሸሸ አውጥታችሁ አጽዱት። ማጽጃውን ጨርቅ ላይ ወይም ለስላሳ ብሩሽ ላይ ርጩና ጫፉንና መቀመጫውን ጥረጉ። ሙሉ ቫልቩን ማጽጃ ውስጥ አትንከሩ፤ ፈሳሹ ጥቅሉ ውስጥ ይገባል። ሲሠራ የቆየ ስቴፐር ከሆነ ሾጣጣውን ጫፍ በእጅ አትግፉ፣ አትሳቡ። የውስጡ ጥርስ ይበላል። የመተላለፊያውን ቀዳዳ ትሮትሉ ላይ ማጽዳትም አትርሱ፤ ቫልቩ ንጹሕ ሆኖ ቀዳዳው ከተደፈነ ለውጥ የለም።

አዲስ የምትገጥሙ ከሆነ የጫፉን ርዝመት ከመግጠማችሁ በፊት ለኩ። በጄኔራል ሞተርስ ስቴፐሮች ላይ ጫፉ ከ28 ሚሊሜትር በላይ ወጥቶ መገጠም የለበትም፤ ከበለጠ መቀመጫው ጋር ይጋጭና ቫልቩ ገና ሳይሠራ ይበላሻል። ጓርኒሲዮኑን ወይም የጎማ ቀለበቱን አዲስ አድርጉ። በአንዳንድ መኪና በቫልቩ ውስጥ የራዲያተር ውሃ ያልፋል፤ ሞተሩ ሳይበርድ አትፍቱት፣ ሲጨርሱም በውሃው ውስጥ የቀረውን አየር አስወጡ። አየር ከቀረ ሚኒሞው እንደገና ከፍ ዝቅ ሲል ታገኙትና ሥራውን ትጠራጠራላችሁ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ አዲሱን ሁኔታ መማር አለበት። አሠራሩ ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዳንዱ ሞተሩ ሞቆ፣ ጫና ሳይኖር ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ሲቆይ ራሱ ይማራል፤ አንዳንዱ የቁልፍና የፔዳል ቅደም ተከተል አለው፤ ሌላው ያለ ስካነር አይቀበልም። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ሚኒሞ ትንሽ ቢዛባ ቸኩላችሁ ሌላ ዕቃ አትጠርጥሩ።

ኮዱን አጥፉና ፈትኑት። ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሱ፤ ዙሩ ከፍ ብሎ ተነስቶ ሞተሩ ሲሞቅ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ሲሞቅ የፊት መብራት፣ ኤሲና የኋላ መስታወት ማሞቂያ በአንድ ላይ አብሩ፣ መሪውንም እስከ ጥግ አዙሩ። ዙሩ ለቅጽበት ጎንበስ ብሎ መመለስ አለበት። ነድታችሁ ደጋግማችሁ ቁሙ፤ በተለይ ከፍጥነት ስትወርዱ ሞተሩ እንዳይጠፋ ተከታተሉ። ስካነሩ ላይ ኮዱ ገና ያልጸና ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነም እዩ፤ መብራቱ ሳይበራ ኮምፒውተሩ ጥርጣሬውን መዝግቦ ሊቆይ ይችላል። እዚያ ካገኛችሁት አዲሱን የቅጽበት መረጃ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር አነጻጽሩ። ሁኔታው አንድ ዓይነት ከሆነ ወደ 6ኛው ደረጃ ተመለሱና ሽቦዎቹን ሞተሩ እንደጋለ እያወዛወዛችሁ እንደገና ለኩ።